ኬጂ ተማሪው በ5 ደቂቃ፣ ፕሮግራመሩ በ1 ሰዓት፦ እውነት ልጆች ይበልጡናል?

በቴሌግራምና በፌስቡክ እየተመላለሰ የሚመጣ አንድ ጥያቄ አለ። ሳይደርሳችሁ አይቀርም።

8809 = 6
7111 = 0
2172 = 0
6666 = 4
9313 = 1
8096 = 5
7756 = 1
2581 = ?

ከስሩ ደግሞ እንዲህ ይላል፦ ትምህርት ቤት ያልገቡ ልጆች ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ውስጥ ይፈቱታል፤ ፕሮግራመሮች ግን 1 ሰዓት ይፈጅባቸዋል። መልሱን የማታውቁት ከሆነ እዚህ ጋ ቆም ብላችሁ ሞክሩት።

አብዛኛው አዋቂ የሚጀምረው በመደመር ነው። 8 እና 8፣ 16። 9 ሲጨመር 25። ታዲያ 6 ከየት መጣ? መደመሩ ካልሰራ መቀነስ፣ እሱም ካልሆነ ማባዛት። ሂሳብ የሚወድ ሰው ወረቀትና እስክሪብቶ አውጥቶ ቀመር ፍለጋ ይገባል። በገባ ቁጥር ደግሞ ከመልሱ እየራቀ ይሄዳል።

መልሱ 2 ነው። የሚቆጠረው ቀዳዳ ነው። 8 ሁለት ቀዳዳ አለው። 0፣ 6 እና 9 አንድ አንድ አላቸው። 1፣ 2፣ 3፣ 5 እና 7 ምንም የላቸውም። ስለዚህ 8809 ውስጥ 6 ቀዳዳ አለ፣ 2581 ውስጥ ደግሞ 2። ጥያቄው ውስጥ 4 የሚባል ቁጥር በግራ በኩል አንድም ቦታ እንደሌለ ልብ በሉ። 4ን አንዳንዱ ሰው ዘግቶ ይጽፈዋል፣ አንዳንዱ ከፍቶ። ያዘጋጀው ሰው አስቦበታል።

የዚህ ዘመድ የሆነ ሌላ ጥያቄ በ2014 ከሆንግ ኮንግ ተነስቶ ዓለምን ዞሯል (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። አንደኛ ክፍል ለመግባት ለሚፈተኑ ልጆች የቀረበ ነው ተብሎ ነው የተሰራጨው። ስድስት የመኪና ማቆሚያ ቦታዎች ተስለዋል። በየቦታው ቁጥር ተጽፏል፦ 16፣ 06፣ 68፣ 88፣ ከዚያ መኪና የቆመበት፣ ከዚያ 98። መኪናው የሸፈነው ቁጥር ስንት ነው? አዋቂው በቁጥሮቹ መካከል ያለውን ልዩነት ማስላት ይጀምራል። ስልካችሁን ገልብጡት። 86፣ ከዚያ መኪናው፣ 88፣ 89፣ 90፣ 91። መልሱ 87 ነው።

ከእነዚህ ጥያቄዎች ጋር የሚዞረው የደቂቃና የሰዓት ወሬ ማስረጃ ተያይዞለት አይቼ አላውቅም። ማን ልጆቹን ፈተነ? ፕሮግራመሮቹስ እነማን ናቸው? አይነገርም። ከወሬው ጀርባ ያለው ነገር ግን ውሸት አይደለም። በአንዳንድ ጥያቄዎች ላይ ትንንሽ ልጆች አዋቂን እንደሚበልጡ በቤተ ሙከራ ተደጋግሞ ታይቷል። ልጅ የምናሳድግና የምናስተምር ሰዎች ነገሩን እንደ ጨዋታ ብቻ ማለፍ የለብንም ብዬ አምናለሁ። ልጁ የሚያሸንፈው ከእኛ በላይ ስለሚያውቅ አይደለም። እኛ የምናውቀው ነገር ከዓይናችን ቀድሞ ስለሚሮጥ ነው። ይህ መሮጥ የሚጀምረው ደግሞ ከምናስበው በጣም ቀደም ብሎ ነው።

ቤት ውስጥ መሞከር የሚቻል ቀላል ማረጋገጫ አለ። “ቀይ” የሚለውን ቃል በሰማያዊ እስክሪብቶ ጻፉ። “አረንጓዴ” የሚለውን በቀይ፣ “ሰማያዊ” የሚለውን በአረንጓዴ። አስር አስራ አምስት ያህል ደርድሩና ማንበብ የሚችል ሰው ቃሉን ትቶ የቀለሙን ስም ቶሎ ቶሎ እንዲጠራ ጠይቁት። ይንተባተባል። አሜሪካዊው ጆን ሪድሊ ስትሩፕ በ1935 ያሳተመው ሙከራ ነው፤ እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል። ያው ወረቀት ቀለም እየለየ ማንበብ ገና ላልጀመረ ልጅ ቢሰጥ ግን የሚያደናቅፈው ነገር የለም። ለእሱ ወረቀቱ ላይ ያለው ቀለም ብቻ ነው። እኛ ሳናነብ ማየት አንችልም። ማንበብ ከተማርን በኋላ ማንበብን ማቆም በእጃችን አይደለም።

በራሳችን ፊደልም ይሰራል። ለመነ = 2። ዐለመ = 3። መለመለ = 4። ለመለመ ስንት ነው? የቀዳዳውን ነገር ከላይ ስላነበባችሁ ቶሎ 4 ትሉ ይሆናል። ይህን የፊደል ጥያቄ ቀድሞ ያገኘ ሰው ግን መጀመሪያ የሚያስበው ስለ መለመን፣ ስለ ማለምና ስለ መመልመል ነው። ትርጉሙ ይጎትተዋል። ፊደል ያልቆጠረ ልጅ ግን ፊቱ ያለው ክብና መስመር ብቻ ስለሆነ የሚጎትተው የለም።

አሁን ደግሞ ከማወቅ ወደ መልመድ እንምጣ። አብርሃም ሉቺንስ የተባለ የሥነ ልቦና ተመራማሪ በ1942 ያወጣው ሥራ በዚህ ረገድ ከማውቃቸው ሁሉ ያስደንቀኛል። ሦስት ጆጎች አሉ እንበል። የመጀመሪያው 21፣ ሁለተኛው 127፣ ሦስተኛው 3 መለኪያ ውሃ ይይዛሉ። 100 መለኪያ ብቻ ለዩ ትባላላችሁ። ትልቁን ትሞላላችሁ፣ ከሱ ላይ በመጀመሪያው አንድ ጊዜ፣ በትንሹ ሁለት ጊዜ ትቀንሳላችሁ። 127 ሲቀነስ 21፣ ሲቀነስ 3፣ ሲቀነስ 3። 100 መጣ። ቀጥሎ ሌላ ጥያቄ ይመጣል፤ ያው ዘዴ ይሰራል። ሌላም ይመጣል፤ አሁንም ይሰራል። ደስ ይላል፣ መንገዱ ተገኝቷል።

ከዚያ ይሄ ይቀርብላችኋል፦ ጆጎቹ 23፣ 49 እና 3 ይይዛሉ። 20 ለዩ። የለመደ ሰው 49 ሲቀነስ 23፣ ሲቀነስ 3፣ ሲቀነስ 3 ይላል። 20 መጣ፣ ትክክል ነው። ግን እኮ 23 ሲቀነስ 3 ብቻ ይበቃ ነበር! ልምምዱን ያላለፉ ሰዎች ይህችን አጭር መንገድ ወዲያው ያዩዋታል። ያለፉት አብዛኛዎቹ አላዩዋትም። ይባስ ብሎ የለመዱት ዘዴ ጭራሽ የማይሰራበት ጥያቄ ሲመጣ፣ ማለትም 28፣ 76 እና 3 ተሰጥቶ 25 ለዩ ሲባሉ፣ ብዙዎቹ መፍትሔ የለውም ብለው ተዉት። 28 ሲቀነስ 3 አጠገባቸው ቁጭ ብሎ ነበር። ትምህርት ቤት የገቡ ልጆችም በዚህ ወጥመድ ወድቀዋል። “ልጅ” ስንል የስንት ዓመት ልጅ ነው ብለን መጠየቅ ያለብን ለዚህ ነው።

ዕድሜውን በተመለከተ አንድ ግሩም ሙከራ አለ። ቲም ጀርመን እና ማርጋሬት አን ዴፌይተር በ2000 ያሳተሙት ነው። ልጆቹ ስለ ቦቦ ይነገራቸዋል። ቦቦ ድብ ነው፤ እግሩ አጭር ስለሆነ መዝለል አይችልም። የሚፈልገው አሻንጉሊት ከፍ ያለ መደርደሪያ ላይ ነው። ቦቦን እርዱት ይባላሉ። ከቀረቡት ዕቃዎች መካከል አንድ ሳጥን አለ። መፍትሔው ሳጥኑን ገልብጦ መወጣጫ ማድረግ ነው። ለአንዳንዶቹ ልጆች ሳጥኑ ባዶውን ነው የቀረበው። ለሌሎቹ ደግሞ ሌሎቹ ዕቃዎች ውስጡ ተደርገው ቀረበ።

የ6 እና የ7 ዓመት ልጆች ሳጥኑ ዕቃ ይዞ ሲቀርብላቸው ዘገዩ። ዕቃ መያዣ ሆኖ ካዩት በኋላ መወጣጫ መሆኑ ቶሎ አልታያቸውም። የ5 ዓመት ልጆች ግን ምንም ለውጥ አላሳዩም። ሳጥኑ ሙሉ ቢሆን ባዶ ለእነሱ ያው ነው፤ አንስተው ገለበጡት። ካርል ዱንከር የተባለው ጀርመናዊ ከዚያ በፊት አዋቂዎች ላይ ተመሳሳይ ነገር አይቶ ነበር። ሻማ፣ ክብሪትና አንድ ሳጥን ፒን ሰጥቶ ሻማውን ግድግዳ ላይ አቁሙ ሲላቸው ሳጥኑን ራሱን ግድግዳ ላይ ሰክቶ ሻማውን እላዩ ላይ ማቆም ብዙዎቹ አልመጣላቸውም። ፒን መያዣ እንጂ ሻማ ማስቀመጫ ሆኖ አልታያቸውም።

ቆም ብላችሁ አስቡት። ለውጡ በ30 ዓመት፣ ወይም በዩኒቨርሲቲ፣ ወይም በሥራ ብዛት የመጣ አይደለም። በ5 እና በ6 ዓመት መካከል ነው የታየው።

ለምን እንዲህ ይሆናል? በካሊፎርኒያ በርክሌይ ዩኒቨርሲቲ የምትሰራው አሊሰን ጎፕኒክ ከባልደረቦቿ ጋር በ2014 ያሳተመችው ጥናት ጥሩ ፍንጭ ይሰጣል። አንድ ሳጥን አለ፤ አንዳንድ ቁራጮች ሲቀመጡበት ይበራል፣ ሙዚቃም ያሰማል። የትኞቹ ቁራጮች እንደሚያበሩት ማወቅ ነው ጨዋታው። ለአንዱ ቡድን አንድ ትክክለኛ ቁራጭ ብቻውን እንደሚበቃ በግልጽ ታየ። ለሌላው ቡድን ደግሞ ሁለት ቁራጮች አንድ ላይ ካልሆኑ እንደማይበራ ታየ። ከዚያ አዳዲስ ቁራጮች መጡ። የ4 እና የ5 ዓመት ልጆች ያዩትን ይዘው ቀጠሉ፤ ሁለት ካስፈለገ ሁለት አሉ። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎቹ ግን ሁለት እንደሚያስፈልግ በዓይናቸው ካዩ በኋላም ወደ “አንዱ ነው የሚያበራው” አዘነበሉ።

ለአዋቂዎቹ ልናዝንላቸው ይገባል፤ ከመሬት ተነስተው አይደለም እንዲህ ያሉት። በሕይወታችን አብዛኛው ነገር በአንድ ምክንያት ነው የሚሰራው። አንድ ማብሪያ ማጥፊያ አንድ አምፖል ያበራል። ይህን ሺህ ጊዜ ያየ ሰው በሺህ አንደኛውም ያንኑ ይጠብቃል፤ ብዙ ጊዜም ልክ ነው። ልጁ ሺህ ጊዜ አላየም። ስለዚህ ፊቱ ያለው ማስረጃ ይመዝንበታል። ይኸው ቡድን በ2017 ሙከራውን በተለያየ ዕድሜ ደግሞታል። በዕቃዎቹ ጨዋታ ላይ ዕድሜ በጨመረ ቁጥር ያልተለመደውን መልስ መቀበል እየቀነሰ ሄደ። ጥያቄው ስለ ሰው ባሕርይ ሲሆን ግን ከሁሉም የበለጠ አእምሯቸው ክፍት ሆኖ የተገኙት ጎረምሶቹ ነበሩ። ጎረምሳ ቤት ያለው ወላጅ ይህን ቢያስብበት ደስ ይለኛል።

ሁለተኛው ምክንያት ትኩረት ነው። አዋቂ የተነገረውን ለይቶ ያያል፣ ሌላውን ይጥላል። ልጅ ደግሞ ይንቀዋለላል እንላለን። በኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ዳንኤል ፕሌባኔክ እና ቭላድሚር ስሉትስኪ በ2017 ይህን ፈትነውታል። ስክሪን ላይ ቀይ ቅርጽና አረንጓዴ ቅርጽ ተደራርበው ይታያሉ፤ የአንደኛውን ቀለም ቅርጽ ብቻ እዩ ይባላል። ከዚያ ሌላ ምስል ይመጣል፤ የተለወጠ ነገር አለ? እዩ የተባሉት ቅርጽ ሲለወጥ አዋቂዎቹ 94 በመቶ፣ የ4 እና የ5 ዓመት ልጆቹ 86 በመቶ ለዩት። እዩ ያልተባሉት ሲለወጥ ግን ልጆቹ 77 በመቶ፣ አዋቂዎቹ 63 በመቶ ብቻ። ልጁ የተንቀዋለለ ሲመስለን ሁሉን እያየ ነው። የቀዳዳውን ጥያቄ ለመፍታት የሚያስፈልገውም እዩ ያልተባለውን ማየት ነው።

የዚህ ሁሉ ሥር አንጎል ውስጥ ነው። ከግንባራችን ጀርባ ያለው ክፍል ሐሳብን የሚገራ፣ አላስፈላጊ የመሰለውን የሚያግድ ነው። እስከ ሃያዎቹ ዕድሜ አጋማሽ መብሰሉን አይጨርስም። ካርሎ ሬቬርቤሪ የተባለ ጣሊያናዊ ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር በ2005 በክብሪት እንጨት በተሰራ የሮማ ቁጥር ሰዎችን ጠየቀ፦ III = III + III። ስህተት ነው። አንድ እንጨት ብቻ አንቀሳቅሳችሁ ትክክል አድርጉት። ሁሉም ሰው ቁጥሮቹን ይነካካል። መልሱ ያለው ግን የመደመር ምልክቱ ላይ ነው፤ የቆመችውን እንጨት አንስቶ ማጋደም፦ III = III = III። በዚህ ከባድ ዓይነት ጥያቄ ላይ ከጤነኞቹ 43 በመቶው ተሳካላቸው። የዚህ የአንጎል ክፍል ጎናቸው ከተጎዳ ሕሙማን ግን 82 በመቶው ፈቱት። ጉዳት መልካም ነው ማለት አይደለም፤ እነዚህ ሰዎች በዕለት ተዕለት ሕይወታቸው ብዙ ይቸገራሉ። የሚያሳየን ግን ጠባቂው ሲላላ አንዳንድ በር እንደሚከፈት ነው። ልጅ ላይ ጠባቂው ገና አልጠነከረም።

እዚህ ላይ ሌላ ስህተት ውስጥ እንዳንገባ። “ልጆች ሁሉ ጂኒየስ ናቸው፣ ትምህርት ቤት ነው የሚያበላሻቸው” የሚል ንግግር በዝቷል። ልክ አይደለም። በእንግሊዝ ሳራ ቤክና ባልደረቦቿ በ2011 ባሳተሙት ጥናት ልጆች ጠባብ ግልጽ ቱቦ ውስጥ ያለች እጀታ ያላት ትንሽ ባልዲ እንዲያወጡ ተጠየቁ። ቀጥ ያለ፣ በቀላሉ የሚታጠፍ ሽቦ ተሰጣቸው። ጫፉን አጥፎ መንጠቆ መስራት ነው፣ አለቀ። ከ8 ዓመት በታች ያሉት አብዛኛዎቹ አልቻሉም። ሲያሳዩአቸው ወዲያው ሰሩት፤ ከራሳቸው ግን አልመጣላቸውም። ኦክስፎርድ የነበረች ቤቲ የምትባል ቁራ እኮ በ2002 ሽቦ አጥፋ ምግቧን አውጥታለች።

የኛው እንቆቅልሽም ከዚህ ወገን ነው። “እንቆቅልሽ!” “ምን አውቅልህ!” ተባብሎ የሚቀርበው ጥያቄ አኗኗሩን፣ ከብቱን፣ እህሉን፣ የቋንቋውን ቅኔ ማወቅ ይፈልጋል። ልጁ አልሆንልህ ሲለው “አገር ስጠኝ” ይባላል፤ ጎንደርን ወይም ሐረርን ሰጥቶ መልሱን ይሰማል። እዚያ ጨዋታ ላይ ያሸነፈች አያት ያሸነፈችው ብዙ ስለኖረች ነው። ልጅ አዋቂን የሚበልጥበት መስክ ጠባብ ነው፤ መልሱ ከላይ ተዘርግቶ የለመድነው ነገር ሲጋርደው ብቻ ነው።

ትምህርት ቤትን መውቀስ ካለብንም በትክክለኛው ቦታ እንውቀስ። በ1980 ገደማ በፈረንሳይ ግሬኖብል የሂሳብ ትምህርት ተመራማሪዎች ለ97 የሁለተኛና የሦስተኛ ክፍል ልጆች ይህን ጥያቄ ሰጡ፦ አንድ መርከብ ላይ 26 በግና 10 ፍየል አለ። የካፒቴኑ ዕድሜ ስንት ነው? 76ቱ የተሰጡትን ቁጥሮች አስልተው ዕድሜ ጻፉ። 26 ሲደመር 10፣ 36 ዓመት! በ2018 መጀመሪያ ይኸው ጥያቄ በቻይና ሲቿን ክፍለ ሀገር ሹንቺንግ በሚባል አካባቢ የአምስተኛ ክፍል ፈተና ላይ ወጥቶ ትልቅ ጫጫታ አስነሳ። የአካባቢው ትምህርት ቢሮ፣ ስህተት አይደለም፣ ልጆቹ ራሳቸው አስበው መጠየቅ መቻላቸውን ለማየት ነው ሲል መለሰ። ቢሮው ልክ ነበር እላለሁ።

የግሬኖብል ልጆች ሰነፎች አልነበሩም። የተማሩትን ነው የሰሩት። ሁለት ቁጥር ከተሰጠ አንድ ነገር ይሰላል፤ የተጠየቀ ጥያቄ ሁሉ መልስ አለው፤ መልስ ባዶ መተው ያስቀጣል። ይህን ማንም በቃል አልነገራቸውም፤ ከየዕለቱ የቤት ሥራ ለቅመውት ነው። እኛ አገር ስንት ወላጅ ነው ኬጂን በቤት ሥራው ብዛት የሚመዝነው? ልጁ በ4 ዓመቱ እስከ 100 ሲቆጥር እናጨበጭባለን። ቁጥሩ ምን እንደሚመስል፣ የትኛው ቁጥር ሲገለበጥ ሌላ ቁጥር እንደሚሆን ሲነግረን ግን “አሁን ጨዋታ ተውና ጻፍ” እንለዋለን። ያ ጨዋታ እኮ የሆንግ ኮንጉ ጥያቄ መልስ ነው።

ልምድን መጣል አይቻልም፣ አያስፈልግምም። ባለ ሁለት አሃዝ ቁጥር መደመር ያላወቀ ልጅ ነገ ይቸገራል። ሉቺንስ ግን አንድ ትንሽ ነገር ሞክሮ ነበር። የአጭሩ መንገድ ጥያቄ ከመምጣቱ በፊት አንዳንዶቹን “አትታወር” የሚል ቃል ወረቀታቸው ላይ እንዲጽፉ አደረጋቸው። ሁሉንም ባይሆን የተወሰኑትን አነቃቸው። ለአዋቂ የሚሆነው ዘዴ ይህን የመሰለ ነው፦ ስሌት ከመጀመር በፊት ፊት ለፊት ያለውን ነገር ስም ሳይሰጡ መግለጽ። ቁጥሩን “ስምንት ሺህ ስምንት መቶ ዘጠኝ” ከማለት ይልቅ “ሁለት ክብ ተደራርቦ፣ አሁንም ሁለት ክብ፣ አንድ ክብ፣ ጭራ ያለው ክብ” ብትሉት ቀዳዳው ራሱ ብቅ ይላል።

ከልጅ ጋር ስትሆኑ ደግሞ መልሱን ለመናገር አትቸኩሉ። ትክክል ሲመልስም “ሌላስ መንገድ አለው?” በሉት። አስተማሪ ከሆናችሁ አስር የሂሳብ ጥያቄ ስታወጡ አንዱን መልስ የሌለው አድርጉት፤ አንዱን ደግሞ የማያስፈልግ ቁጥር ጨምሩበት። ወይዘሮዋ 12 እንቁላልና 3 ኪሎ ሽንኩርት ገዛች፣ 4 እንቁላል ተሰበረባት፣ ስንት እንቁላል ቀራት? ሽንኩርቱን የደመረ ልጅ የት ጋ እንደቸኮለ ራሱ ያገኘዋል። የካፒቴኑን ዕድሜ ስትጠይቁት “በዚህ አይታወቅም” ብሎ የጻፈ ልጅ ደግሞ ሙሉ ነጥቡን ይሰጠው፤ ለክፍሉም ጮክ ብሎ ያንብበው።